የአክስቴ የጫማ ካርቶኖች፦ 118 ፍሎፒ ዲስኮችን ለማትረፍ የሞከርኩበት ዓመት

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ያሉ ቤቶች ሲነሡ አክስቴ የሚኖሩበትም ቤት አብሮ የሚነሣ ሆነ። እቃ ስናወጣ ከአልጋው ሥር ሁለት የጫማ ካርቶኖች አገኘሁ። ውስጣቸው ከዳር እስከ ዳር ፍሎፒ ዲስክ፣ ከፍላሽ በፊት ፋይል ይቀመጥበት የነበረው ስስ ዲስክ፣ ተደርድሯል። አክስቴ ከ1984 እስከ 1995 ዓ.ም. በዚያው ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የጽሕፈት ሥራ ይሠሩ ነበር፦ ከስድስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ለፍርድ ቤት የሚገባ አቤቱታ። ሥራው ታትሞ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላም ዲስኩን አይጥሉትም። ደንበኛው በማግስቱ ተመልሶ "አንድ ገጽ ጠፋብኝ" እንደሚል ከልምድ ያውቃሉ።

ስቆጥራቸው 118 ሆኑ። 105ቱ ጠንካራ ልባስ ያላቸው ሦስት ተኩል ኢንች፣ 13ቱ ደግሞ እንደ ወረቀት የሚታጠፉት አምስት ከሩብ ኢንች ናቸው። አክስቴ "ጣላቸው፤ ማን ያነባቸዋል?" አሉ። እኔ ግን ኮምፒውተር ስለምወድ፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው ብዬ ወሰድኳቸው። አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ያንን ዓመት ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከስሕተቴ ልጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዲስኮች መርጬ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ አሮጌ ማሽን ነበረው። የመጀመሪያውን ዲስክ ከተተ፤ ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና "ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ አሁን ፎርማት ላድርገው?" የሚለውን ጥያቄ አመጣ። ልጁም እንደ ሰላምታ ምላሽ ሳያስብ "አዎ" የሚለውን ተጫነ። ጮኼ ነቀልኩት፤ ግን ዘግይቻለሁ፤ ፎርማት ማድረግ ዲስኩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ ነው። ያ ዲስክ በኋላ እንዴት እንደተመለሰ እነግራችኋለሁ። ለአሁኑ ግን ሌላ ምንም ሳታደርጉ ዲስኩ እንዳይጻፍበት ቆልፉት። በሦስት ተኩል ኢንች ዲስክ ጥግ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ቀዳዳው ክፍት ሲሆን መጻፍ ተከልክሏል ማለት ነው። በአምስት ከሩብ ኢንቹ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ በጎኑ ያለው ቁራጭ ክፍት ከሆነ ይጻፍበታል፤ ጥቁር ተለጣፊ ከሸፈነው አይጻፍበትም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ጠበቅሁ ሲል ያጋልጣል። ደግሞ ፎርማት ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። ዊንዶውስ 95 እና 98 ያልተቆለፈ ዲስክ ሲገባላቸው ሰው ሳያዛቸው የመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች የመጀመሪያው) ላይ የራሳቸውን ምልክት ይጽፉ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የራሴ ብቻ ነው። ከካርቶኖቹ አንዱ ግድግዳ ሥር ስለነበር እርጥበት አግኝቶታል። አንዳንዶቹ ዲስኮች ላይ የብረቱን መሸፈኛ ገፋ ሳደርግ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁ። ሻጋታ ነው። "ከውጭ ነው፤ ምንም አይል" ብዬ ከተትኩት። በዩኤስቢ የሚሠራው ማንበቢያዬ እንደ ደረቀ በር አንቋረረ። አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳየው ቡናማው ሽፋን በቀለበት ቅርጽ ተፍቆ፣ በቀለበቱ በኩል ብርሃን ያሳልፋል። የተፋቀው ዱቄት የዲስኩ ውሂብ ነበር። ከዚያ የባሰ አደረግሁ፦ ማንበቢያውን ሳልጠርግ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ከተትኩ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሄዱ (ዲስኩን እየነካ የሚያነበው ጫፍ) ላይ የተጣበቀው ቆሻሻ ሁለተኛውንም ጫረው። በአንድ ምሽት ሁለት ዲስኮች።

የቴፕ ሬከርደር ሄድ በአልኮል የጠረገ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ትንሽ ነክሮ፣ ታችኛውንና ላይኛውን ሄድ ሳይጫኑ ማበስ ነው። ላይኛው ሄድ በስስ ብረት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ወደ ላይ ከገፉት ይጣመማል፤ ማንበቢያውም ከዚያ በኋላ ለእቃነት ብቻ ይሆናል። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ዲስክ ሁሉ በኋላ ጥረጉ። የጩኸት ድምፅ ከሰማችሁ ምንም ሳትጠብቁ አውጡት።

ሻጋታ ያለበትን ዲስክ ግን መጀመሪያ ማጠብ ያስፈልጋል። ለዚህ ባዶ የሆኑና የማያሳዝኑ ዲስኮች ገዛሁ፤ የምፈልገው ልባሳቸውን ነበር። የብረት መሸፈኛውን አውጥቼ፣ ልባሱን በስስ ቢላ ጠርዝ ጠርዙን ከፍቼ፣ ውስጡ ያለውን ክብ ፊልም አወጣሁ። በተጣራ ውኃና በአንድ ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ አጠብኩት፤ አለቅልቄ ጥላ ሥር አደረቅሁት፤ ከዚያ በአዲሱ ልባስ ውስጥ ከተትኩት። ፊልሙን ስታወጡ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደነበር ምልክት አድርጉ። በዚህ መንገድ 11 ዲስኮች አጥቤ ዘጠኙ ተነበቡ። ነገሩ ከመሥራቱ ይልቅ ማመኑ ይከብዳል፤ ኮምፒውተር የሚያነበውን ነገር በሳሙና ማጠብ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ዲስኩን ከፍቶ የሚያያቸውን ፋይሎች ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጥና ጨረስኩ ይላል። እንዲህ አታድርጉ። ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፣ ባዶ የሚመስለውን ቦታ ጨምሮ፣ በአንድ ፋይል ውስጥ እንዳለ ገልብጡት። ባለሙያዎች ኢሜጅ ይሉታል፤ እኔ ሙሉ ቅጂ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዲስኩን መልሳችሁ አትንኩት፤ ሥራችሁ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። ያረጀ ዲስክ ስንት ጊዜ ሊነበብ እንደሚችል አይነግራችሁም። የመጀመሪያው ዙር ከሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል።

ሙሉ ቅጂ ትክክል መሆኑን በመጠኑ ታውቁታላችሁ። የተለመደው ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስክ ሁለት ፊት፣ በእያንዳንዱ ፊት 80 ትራኮች (ክብ መስመሮች)፣ በእያንዳንዱ ትራክ 18 ሴክተሮች፣ በእያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት አለው። ተባዝቶ 1,474,560 ባይት ይመጣል፤ አንድ እንኳ መብለጥም ማነስም የለበትም። የ720 ኪሎባይቱ ዲስክ 737,280፣ ትልቁ ባለ 360 ኪሎባይት ደግሞ 368,640 ይሆናል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ግድግዳዬ ላይ ጽፌ ለጥፌ ነበር።

ጤነኛ ለሆኑት ዲስኮች በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ ማንበቢያና በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት) የሚሠራው ዲዲሬስኪው የተባለ ነጻ ፕሮግራም በቂ ናቸው። ዲዲሬስኪው ብልህ ነው፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የተበላሸውን አልፎ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ተመልሶ ይታገለዋል። የሠራውንና የቀረውንም በትንሽ የመዝገብ ፋይል ላይ ይጽፋል። ይህችን ፋይል የወደድኳት መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ነው። ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ የደከመውን ዲስክ ከመጀመሪያው አያስጀምረውም። መዝገቡን ከቅጂው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ የትኛው ሴክተር እንዳልተነበበ ከዚያ ሌላ የሚነግራችሁ የለም።

ዩኤስቢ ማንበቢያው ግን ወሰን አለው። አምስት ከሩብ ኢንቹን አይቀበልም። የድሮ ማኪንቶሽ 400 እና 800 ኪሎባይት ዲስኮችንም አያነብም፤ እነርሱ ሲነበቡ የሚሽከረከሩበት ፍጥነት ከትራክ ትራክ ስለሚለያይ። ዲስኩ ሲያስቸግረውም "አልቻልኩም" ከማለት በቀር የሚነግራችሁ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዲስኩ ላይ ዜሮና አንድ የሚባል ነገር የለም። ያለው የመግነጢስ አቅጣጫ መገለባበጥ ነው፤ መረጃው ያለው በአንዱ ግልበጣና በሚቀጥለው መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ1.44 ሜጋባይት ዲስክ ያ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ማይክሮሴኮንድ ነው። እንደ ከበሮ ምት አስቡት፤ መልእክቱ ያለው በምቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ዲስክ ሲያረጅ ምቱ ይዋልላል፤ ሁለት ተኩል የሆነውን ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ዩኤስቢ ማንበቢያው ራሱ ይፈርድና ምቱን ይጥለዋል።

ግሪስዊዝል የተባለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን ምቱን ራሱን ትመዘግባለች። ዲዛይኗ ክፍት ነው፣ ዋጋዋም የሚቀመስ ነው፤ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው አስላክኋት። የሦስት ተኩል ኢንቹ ዲስክ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱን ትራክ ሦስት አምስት ዙር ታዳምጣለች፤ በአንዱ ዙር የተዋለለው ሴክተር በሌላው ዙር ሊቀና ይችላል። እያንዳንዱ ሴክተር የራሱ የማረጋገጫ ቁጥር ስላለው የቀናው የቱ እንደሆነ ይታወቃል። ጤነኛ ዲስክ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የምቱ ፋይል ከዲስኩ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በአስር የሚቆጠሩ ሜጋባይቶች ይይዛል። ለታመሙት ዲስኮች ይህንንም አስቀምጡ። ነገ የተሻለ መፍቻ ፕሮግራም ቢመጣ ዲስኩን እንደገና ማስቸገር አያስፈልግም።

ግሪስዊዝል ለብቻዋ ምንም አታደርግም፤ እውነተኛ የድሮ ማንበቢያ ትፈልጋለች። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የሦስት ተኩል ኢንቹን በክምር አገኘሁ፤ አራት ገዝቼ ሁለቱ ሠሩ። የአምስት ከሩቡን ግን ለሦስት ወር ፈለግሁ። ሻጮቹ የሚያውቁት በብረትነቱ ብቻ ነው፤ ኪሎው ስንት እንደሆነ ይነግሯችኋል። በመጨረሻ ከአንድ ሙሉ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ተሰክቶ አገኘሁት፤ ባለ 1.2 ሜጋባይቱ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት 80 ትራክ ስለሚቆጥር ባለ 40 ትራኩን የ360 ኪሎባይት ዲስክ ሲያነብ እርምጃውን በእጥፍ ማድረግ አለበት፤ ለግሪስዊዝል ይህን ካልነገራችኋት እያንዳንዱ ሁለተኛ ትራክ ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል። ትልቁ ማንበቢያ ከ5 ቮልት በተጨማሪ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የአሮጌውን ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተጠቀምኩ። ጠፍጣፋውን ገመድ ስትሰኩ ቀዩ ጠርዝ ወደ አንደኛው እግር ይሁን። ማንበቢያው ኃይል እንዳገኘ መብራቱ በርቶ የማይጠፋ ከሆነ ገመዱ ተገልብጧል፤ አይቃጠልም፣ አትደንግጡ።

ሌላም ነገር፦ ማንበቢያችሁን በማይቆጫችሁ ዲስክ ሞክሩት። እኔ የአንድ አሮጌ ማተሚያ ማስጫኛ ዲስክ የመፈተኛ በግ አድርጌ ነበር። ከዚያ በፊት የሁሉንም ዲስክ ጽሑፍ ፎቶ አንሡ። የተለጣፊው ማጣበቂያ ስለደረቀ ማንበቢያው ውስጥ ተላቅቆ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ "የእድር ደንብ የታረመ" የሚል ወረቀት በወረንጦ አውጥቻለሁ።

ውጤቱን ልናገር። ከ118ቱ 96ቱ ያለ አንዳች ጉድለት ተነበቡ፤ 13ቱ በከፊል፤ ዘጠኙ አልተነበቡም። የገረመኝ በዕድሜ የሚበልጡት ትልልቆቹ ናቸው። ከ13ቱ የአምስት ከሩብ ኢንች ዲስኮች አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ። ጥቅጥቅ ብሎ ያልተጻፈ ስለሆነ ምታቸው ሰፊ ነው፤ እርጅናን ይችላሉ። የባሱት ሥራው በረከሰበት በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተገዙት ርካሽ ዲስኮች ናቸው።

ያ በጥገና ቤት ፎርማት የተደረገውም ተመለሰ። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውንና የቦታ ሰንጠረዡን ነው፤ ፋይሎቹ ከኋላ እንዳሉ ናቸው። አክስቴ በአንድ ዲስክ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ በተከታታይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በሙሉ ቅጂው ውስጥ የፋይሎቹን መነሻ ፈልጌ አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣኋቸው። ፋይሎችን ብቻ ብገለብጥ ኖሮ የሚገለበጥ ነገር አልነበረም።

ሁለት ያልጠበቅኳቸው ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ቫይረስ ነው። በሰባት ዲስኮች የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ስቶንድና ፎርም የተባሉት የዚያ ዘመን ቫይረሶች ተቀምጠዋል። ዲስኩ ላይ ብቻ ሲቀመጡ ለዛሬ ኮምፒውተር ጉዳት የላቸውም፤ ግን የኔ ጸረ ቫይረስ የሙሉ ቅጂውን ፋይል ያለ ጥያቄ ወደ እስር ቤቱ ወሰደው። ቅጂዎቹ ያሉበትን ማኅደር ከፍተሻ ውጭ አድርጉት። ቫይረሱንም ከዋናው ቅጂ አታጽዱ፤ እርሱም የዲስኩ ታሪክ ነው። ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። ብዙ ፋይሎች "1980" የሚል ዓመት ይዘዋል። እኔ ደግሞ የአክስቴ ጽሑፍ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ 1980ን አምኜ "ሥራውን ከመጀመራቸው አራት ዓመት በፊት?" እያልኩ ሳምንት ሙሉ ተቸገርኩ። በእርግጥ ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ባትሪ ሞቶ ነበር፤ ማሽኑ በየማለዳው ወደዚያው ቀን ይመለስ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ግን ዲስኩ አልነበረም። ፋይሎቹ ያለ እንከን ተከፈቱ፤ ሊብሬኦፊስ የድሮ የዎርድ ሰነዶችን ያነባል። ያየሁት ግን የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍና ጆሮ ያላቸው የላቲን ፊደላት ድብልቅልቅ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ አሰላለፍ ያስቀምጥ ነበር። አንዱ ፎንት (የፊደላቱን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ቦታው ስላልበቃው "ቡ"ን የሚጽፈው የ"በ"ን ኮድ አስቀድሞ የቅጥያዋን ኮድ በማስከተል ነው። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ የለም።

የፎንቱ ማስጫኛ በሦስት ዲስኮች ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛው ካልተነበቡት ዘጠኙ አንዱ ሆነ። ስለዚህ ሰንጠረዡን በእጃችን ሠራን። አክስቴ ከአንድ ዲስክ የወጣውን የእድር ደንብ የታተመ ቅጂ አስቀምጠው ነበር፤ ወረቀቱን በግራ፣ ድብልቅልቁን በቀኝ አድርገን ፊደል በፊደል አነጻጸርን። የደንቡ ቃላት ያልነኳቸው ፊደላት ሲቀሩ አክስቴን "'ጯ' የት ነበረች?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አላስታወሱም። ከዚያ ቁልፍ ሰሌዳውን ጎተት አደረጉና "ቆይ፣ እጄን ልጠይቀው" አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው "ጯጯታ" ብለው ተየቡ። በዚያ ፎንት ከፊሉ ፊደል በቀጥታ በቁልፉ ኮድ ላይ የተቀመጠ ስለነበር ጣታቸው የነካው ቁልፍ የምፈልገው መልስ ነበር። በሁለት ምሽት 31 ፊደላት እንዲህ ተገኙ። የአማርኛ ሰነድ የያዘ ዲስክ ያላችሁ ሁሉ፣ "ፎንት" ወይም "ግዕዝ" የሚል የተጻፈበትን ዲስክ ከሰነዶቹ በፊት አንብቡት። የተየበው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁት።

ቅጂዎቹን በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፦ ቤቴ ባለ ሀርድ ዲስክ፣ ሜሪላንድ ባለች እኅቴ ዘንድ፣ በኢንተርኔት ማከማቻ። የእያንዳንዱን ፋይል የሻ 256 አሻራ (ፋይሉ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) በአንድ ጽሑፍ ፋይል መዝግቤ በየስድስት ወሩ አመሳክራለሁ። ዲስኮቹንም አልጣልኳቸውም፤ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከድምፅ ማጉያ ርቀው፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አሉ።

ይዘቱን ግን ለማንም አላሳየሁም። የሰው አቤቱታ፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ብድር አለበት። አክስቴ "የሰው ጉዳይ ነው፤ ለባለቤቱ ብቻ" ብለው ቆርጠዋል። ደንበኛውን የምናውቀው ከፋይሉ ስም አይደለም፤ ዶስ ለስም የሚፈቅደው ስምንት ፊደል ብቻ ስለሆነ አክስቴ አጭር ምልክት ሰጥተው ሙሉውን በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ደብተሩም ተርፏል፤ እርሱንም ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቻለሁ።

በደብተሩ እየተመራን እስካሁን ስድስት ሰዎች አግኝተናል። አንዱ የ1987 ዓ.ም. ተመራቂ ነው፤ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል። የመመረቂያ ጽሑፉ የታተመው ቅጂ ቤት ሲቀይር እንደጠፋበት ነገረን፤ በስልክ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ፤ በስሙ አንጻር "ቀሪ 45 ብር" ተጽፏል። ስልኩን ከእጄ ተቀበሉና "ልጄ፣ ጽሑፉ አለ፤ ቀሪዋን ይዘህ ና" አሉት።